ኮፍያ ቆጥሬ ልጅ የጠፋኝ ቀን

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ናይሮቢ ለተሰበሰቡ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «አንተ ደግሞ ስለ ልጆቹ ጉዞ ተናገር» ሲለኝ በመጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ሒሳብ የማወራርድ ባለሱቅ እንጂ መድረክ ላይ ወጥቼ የምናገር ሰው አይደለሁም። ኋላ ሳስበው ግን ማኅበሩ በ25 ዓመት ውስጥ ስለሠራው መልካም ሥራ የሚናገር ሰው ሞልቷል፤ ስለተሳሳተው የሚናገር አንድ ሰው ቢኖር አይከፋም አልኩ። ስሕተቱም የራሴ ስለሆነ ማንንም አላስቀይምም።

የምነግራችሁ የቅዳሜ የአማርኛ ክፍል ልጆቻችንን ይዘን የጃምሁሪን ቀን ሰልፍ ለማየት ኒያዮ ስታዲየም ስለሄድንበት ቀን ነው። አንዳንዶቻችሁ አብራችሁኝ ነበራችሁ። ያልነበራችሁት ደግሞ ወሬውን ሰምታችኋል። ወሬ ሲዞር ስለሚያብጥ ዛሬ በልኩ ልንገራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ በተደረገ ስብሰባ ነው። የቅዳሜው ክፍል አስተማሪያችን «ልጆቹ ስለ ጃምሁሪ በትምህርት ቤታቸው ይማራሉ፣ በቴሌቪዥንም ያያሉ፤ ለምን ወስደን በዓይናቸው አናሳያቸውም?» አለች። አንዳንዶቻችን ተቃወምን። ከተቃወሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። «እኛ ዐድዋ አለን፣ መስቀል አለን፣ ጥምቀት አለን፤ በሰው በዓል ምን እንሠራለን?» አልኩ። አንድ አዛውንት አባላችን ግን «እንጀራህን የምትጋግርበት አገር በዓል የሰው በዓል አይባልም» ብለው አፌን አስያዙኝ። ይባስ ብሎ ቅጣት ይመስል ልጆቹን ይዘው ከሚሄዱት አራት ትልልቅ ሰዎች አንዱ፣ በዚያውም ላይ ኃላፊው፣ እኔ እንድሆን ተወሰነ።

ጉዞው የተቆረጠው ለሰኞ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 2022 ነበር። በእኛ ታኅሣሥ 3 ቀን 2015 መሆኑ ነው። ኒያዮ ያኔ 30 ሺህ ያህል ሰው ይይዝ ነበር። መግቢያው በነጻ ስለሆነ መቀመጫ የሚያገኘው ቀድሞ የደረሰ ነው። ስለዚህ ለወላጆች ሁሉ በስልክ «ሰኞ በ11 ሰዓት እንነሣለን፣ እንዳትዘገዩ» ብዬ ጻፍኩ። ንጋት ማለቴ ነው። እዚህ ተወልደው በእንግሊዝኛ የተማሩት ልጆች ግን መልእክቱን ለወላጆቻቸው ሲያነቡ «ኢለቨን» ብለው አነበቡትና ሁለት ቤተሰቦች ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው ብለው ተኝተው ቀሩ። በጨለማ በር እያንኳኳሁ ቀሰቀስኳቸው። የሚገርመው የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር እንደ እኛው ነው። «ሳ ኩሚ ና ሞጃ አልፋጂሪ» ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ አንድ ልጅ እንኳ አይሳሳትም ነበር። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይኼ ነው፤ ትንሹም እሱ ነው።

ሃያ ሁለት ልጆች ተሰበሰቡ። ከትልልቆቹ አስተማሪያችን፣ አንድ ወጣት የኮሚቴ አባል፣ አንዲት እናትና እኔ ነበርን። እናትየዋ ነጠላቸውን አጣፍተው ነው የመጡት። ጎረምሶቹ ልጆች እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ። አንዱም «ማዘር፣ ዛሬ እኮ የኬንያ በዓል ነው፤ ነጠላ ምን ይሠራል?» አላቸው። እሳቸውም «በዓል በዓል ነው ልጄ፤ በቤት ልብስ በዓል አይከበርም» ብለው ዝም አሰኙት። ይቺን ነጠላ አትርሱብኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

እኔ በበኩሌ ከእኔ በላይ የተጠነቀቀ ሰው የለም ብዬ በራሴ ኮርቼ ነበር። ከሱቄ 22 ቢጫ ኮፍያ አውጥቼ ለእያንዳንዱ ልጅ አለበስኩ፤ ከሩቅ እንዲታዩኝ ነው። ከዚያም የሱቄን የአድራሻ ካርድ፣ በጀርባው የልጁን ስም በአማርኛ እየጻፍኩ፣ በየኪሳቸው ከተትኩ። ከቆሎውም፣ ከዳቦ ቆሎውም፣ ከብስኩቱም ይዣለሁ።

ልንነሣ ስንል አንዲት እናት ሩጣ መጣች። ምግብ ቤት ማድ ቤት ውስጥ ሌሊት የምትሠራ ናት። ቤቷ ሳትገባ ከሥራዋ በቀጥታ ነው የመጣችው። የስምንት ዓመት ልጇን የሹራብ ቁልፍ ቆለፈችላትና ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ አደራ» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔም «አታስቢ» አልኳት። «አታስቢ» ማለት እንዴት ቀላል ነው!

ባለ 33 መቀመጫ ማታቱ ተከራይተን ከኢስሊ ተነሣን። በላንዲስ መንገድ አድርገን ኃይለ ሥላሴ አቬኑ ስንገባ አንድ ልጅ ታቤላውን አንብቦ «ጋሼ፣ ይኼ የእኛው ንጉሥ ናቸው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። በሜይ 1963 የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 12 ኬንያ ነጻነቷን አገኘች፤ በዓመቱ በዚያው ቀን በ1964 ሪፐብሊክ ሆነች። ጃምሁሪ ማለትም ሪፐብሊክ ማለት ነው። ይኼን ስነግራቸው ማታቱው ውስጥ ፀጥ አሉ። በስብሰባው ላይ «የሰው በዓል» ያልኩት ቃል ትዝ ብሎኝ እኔም ዝም አልኩ።

ስታዲየሙ ስንደርስ ገና አልነጋም፤ ሰልፉ ግን መንገዱን ሞልቶታል። ለትልልቆቹ ልጆች ያልነገርኳቸው ነገር ነበር። በኦክቶበር 23 ቀን 2010 በዚሁ ስታዲየም በኳስ ጨዋታ ጊዜ በተፈጠረ ግፊያ 7 ሰዎች ሞተዋል። ይኼን ስለማውቅ ትንንሾቹን መሐል፣ ትልልቆቹን ዳር አድርገን፣ እጅ ለእጅ አያይዘን አስገባናቸው። በሩ ላይ ቆጠርኩ፤ 22። ከተቀመጥን በኋላ ቆጠርኩ፤ 22። ልቤ ረጋ።

ሲነጋ ግን ዙሪያዬን አይቼ ደነገጥኩ። ያ ሁሉ ኮፍያ ለምን በርካሽ እንደተሸጠልኝ የገባኝ ያኔ ነው። በኦገስት ምርጫ ተደርጎ ነበር፤ ቢጫ ደግሞ የአሸናፊው ፓርቲ ቀለም ነው። ከፊታችንም፣ ከኋላችንም፣ ከማዶም ቢጫ ኮፍያ ነው። ልጆቼን ከሩቅ እንድለይበት ያለበስኩት ምልክት ከሕዝቡ ጋር አንድ አደረጋቸው። ቢሆንም ወጣቱ ጓደኛዬ «ግድ የለም፣ አንድ ላይ ነው የተቀመጥነው» አለኝና ተውኩት።

ሰልፉን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ልጆቹ ዛሬም ድረስ ያወሩታልና። የትምህርት ቤት መዘምራን ዘመሩ፤ የየብሔረሰቡ ጨፋሪዎች ሜዳውን ዞሩት። ወደ 5 ሰዓት ገደማ ፕሬዚዳንቱ ቆመው በሚታዩበት ክፍት መኪና ገብተው ሜዳውን ዞሩ። የብሔራዊ መዝሙሩ ሲጀመር እኛ ትልልቆቹ በዝምታ ቆምን፤ ልጆቻችን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃላቸው ዘመሩት። ከዚያ የጦሩ ሰልፍ ሆነ። ቀይ ኮት የለበሱት እግረኞች፣ ነጭ የለበሱት ባሕረኞችና አየር ኃይሎቹ በማርሽ ባንድ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ በፈጣን እርምጃ አለፉ። የጦር ክፍሉ ዓላማ በሰልፉ መካከል ሲያልፍ ሁሉም ሰላምታ ይሰጣል። ይህ ሥርዓት ከእንግሊዞች የተወረሰ ነው። ትርጉሙን ያስረዳኝ ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ኬንያዊ ነው፤ ወታደሩ በውጊያ ግርግር ውስጥ የራሱን ክፍል ዓላማ ለይቶ እንዲያውቅ ቀደም ሲል በሰልፉ ፊት ያዞሩለት ነበር። በግርግር ውስጥ የራስን ለይቶ ማወቅ! እኔ ይኼን እየሰማሁ የራሴ ልጅ አጠገቤ አልነበረችም፤ አላወቅሁም እንጂ።

የሆነው እንዲህ ነው። አራት ሴት ልጆች ሽንት ቤት ለመሄድ ጠየቁ። ታላቂቱ የ14 ዓመት ልጅ ስለሆነች «አንቺ ይዘሻቸው ሂጂ፣ ቶሎ ተመለሱ» አልኩ። ከመካከላቸው አንዷ ያቺ በአደራ የተሰጠችኝ ናት። ሽንት ቤቱ ረጅም ወረፋ ነበረው። ሦስቱ ሲወጡ አራተኛዋን አላዩዋትም፤ ቀድማን ሄዳለች ብለው ተመለሱ። እሷ ደግሞ እጇን ልትታጠብ ወደ ሌላው ቧንቧ ዞራ ነበር።

ልጆቹ ሲመለሱ ቆጠርኩ። 22። እንደገና ቆጠርኩ። 22። «ጎበዝ» ብዬ ዳቦ ቆሎ አደልኩና ወደ ሰልፉ ዞርኩ። አውሮፕላኖቹ ሲያልፉ ከልጆቹ ጋር እኩል ጮኽኩ።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆየን አንድ ትንሽ ልጅ እጀ ጠባቤን ጎተት አድርጎ በስዋሂሊ ብስኩት ጠየቀኝ። ብስኩቱን ሰጥቼው «ለምን በአማርኛ አትጠይቀኝም?» አልኩት። ልጁ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ጎንበስ ብዬ ፊቱን አየሁት። የእኛ ልጅ አይደለም። ራሱ ላይ ያለው ግን የእኔ ኮፍያ ነው።

ልጅቱ ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ መቀመጫዋ እንዳይያዝባት አጠገቧ ለተቀመጠው ለዚያ ልጅ ኮፍያዋን ሰጥታ «ያዝልኝ» ብላው ነበር። እሱም አደራውን ጠብቆ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ ቦታዋ ላይ ተቀምጦላታል። እኔ ቆጠርኩ ያልኩት ልጆቹን አይደለም፤ ኮፍያውን ነው። ሱቅ ውስጥ ካርቶን ሳይከፍት ዕቃ የሚቆጥር ሰው ሞኝ ነው እያልኩ ስንቱን ሠራተኛ ተቆጥቻለሁ። ያን ቀን ራሴ ካርቶን ቆጠርኩ።

የተሰማኝን አልነግራችሁም፤ ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ጉልበቴ ከዳኝ። የእናትየዋ «ጋሼ፣ አደራ» የሚለው ድምፅ ከማርሽ ባንዱ በላይ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል።

ወጣቱ ከቀሩት ልጆች ጋር ሆነ። ባለ ነጠላዋ እናት «እኔ ከዚህ አልነቃነቅም፣ ቆሜ እጠብቃታለሁ» ብለው መቀመጫው ላይ ወጥተው ቆሙ። አስተማሪዋና እኔ በሁለት አቅጣጫ ወረድን። «ምቶቶ አሜፖቴያ፣ ልጅ ጠፍታለች» እያልኩ ያገኘሁትን ሁሉ እጠይቃለሁ። አንድ ቦታ ቢጫ ኮፍያ ያደረገች ልጅ ከኋላ አይቼ በደስታ ትከሻዋን ያዝኳት። ዞር ስትል ሌላ ልጅ ናት። አባትየው በቁጣ ተነሣብኝ፤ እውነቱን ነው። ነገሩን ስነግረው ግን ፊቱ ወዲያው ተለወጠና የራሱን ልጅ ለሚስቱ ሰጥቶ አብሮኝ ሊፈልግ ተነሣ። ይኼን ሰው ዳግመኛ አላየሁትም፤ በጸሎቴ ግን አስበዋለሁ።

ልጅቱስ? ልጅቱ ከእኔ ይልቅ አስተዋይ ነበረች። ጓደኞቿን ስታጣ አልሮጠችም፤ አስተማሪዋ ክፍል ውስጥ «ከጠፋችሁ የቆማችሁበት ቁሙ» ያለቻቸውን አስታውሳ ቧንቧው አጠገብ ቆመች። አንዲት የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ አገኘቻትና ወደ ድንኳናቸው ወሰደቻት። ከኪሷ ያቺን የኮራሁባትን ካርድ አወጡ። ስሟ በአማርኛ ስለተጻፈ ማንም ማንበብ አልቻለም። ስልኩ ግን በቁጥር ነው፤ ደወሉ። ደጋግመው ደወሉ። የደወሉት ለሱቄ ነው፤ ሱቄ ደግሞ ለበዓሉ ተዘግቷል። የእጅ ስልኬ ካርዱ ላይ የለም። ልጅቱ ራሷ «ጋሼ ዛሬ ሱቅ አልከፈቱም» ብላ ነገረቻቸው።

በጎ ፈቃደኛዋም «ሰዎችሽ ምን ለብሰዋል?» ብላ ጠየቀቻት። «ቢጫ ኮፍያ» አለች። በጎ ፈቃደኛዋ ወደ ሕዝቡ በእጇ አሳይታት ሁለቱም ሳቁ። ልጅቱ ጥቂት አሰበችና «አንዲት እናት ነጭ ልብስ ለብሰዋል፤ ትልቅ ነጭ፣ እስከዚህ ድረስ» አለች። ወደ ሜዳው ጠርዝ ወጥተው ቀና ብለው ሲያዩ በዚያ ሁሉ ቢጫ መካከል ከነጠላዋ ጋር መቀመጫ ላይ የቆመች አንዲት ሴት ትታያለች። ነጥብ የምታህል ነጭ ናት፤ ግን ሌላ እሷን የመሰለ የለም።

ስልኬ ሲጮኽ እኔ ከስታዲየሙ በስተማዶ ነበርኩ። «መጣች» አሉኝ። አጥሩን ተደግፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቱ የጠፋችው 50 ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ውስጥ ከ30 የሚበልጠው እኔ «22 ሞልተዋል» ብዬ ሰልፍ የማይበት ነበር።

ስመለስ ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? «ጋሼ፣ አውሮፕላኖቹን አዩ? እኔ ከታች ነው ያየኋቸው!» አለችኝ። ከዚያም ያን ልጅ ከመቀመጫዋ አስነሣችው። ልጁን «የማን ነህ?» ብለው ከሦስት ረድፍ በታች የተቀመጠ ታላቅ ወንድሙን አሳየኝ። ኮፍያውን ሸለምኩት። ከሁላችን ይልቅ አደራውን የጠበቀ እሱ ነዋ።

በዓሉ ሲያበቃ ሕዝቡ እስኪሳሳ ድረስ ከመቀመጫችን አልተነሣንም። ስንወጣ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ጠርቼ «አቤት» ሲለኝ ብቻ ማታቱው ውስጥ አስገባሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማታቱው ውስጥ ከመካከላችን አንዱ ቀስ ብሎ «ልጅቱ በሰላም ተገኝታለች፤ እናትየዋን አሁን ማስደንገጥ ምን ይጠቅማል?» አለኝ። በክፋት አይደለም፤ ለእኔም ለእናትየዋም አዝኖ ነው። እውነቱን ለመናገር ልቤ ተቀበለው። ግን አንድ ነገር ከለከለኝ። እኛ ካልተናገርን ልጅቱ ትናገራለች። ልጅቱ እንዳትናገር ደግሞ «ለእናትሽ አትንገሪ» ልንላት ነው። ልጅን «ለእናትሽ አትንገሪ» ብሎ ማስተማር ልጅን ከማጥፋት የባሰ ነው። ዛሬ እኔ ለደግ ብዬ ባስተምራት፣ ነገ ሌላ ሰው ለክፉ «ለእናትሽ አትንገሪ» ሲላት እሺ ትላለች።

ስለዚህ ቤቷ ድረስ ይዣት ሄድኩ። እናትየዋ ከእንቅልፏ ተነሥታ ቡና እያቀራረበች ነበር። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ኮፍያውን፣ ካርዱን፣ የተዘጋውን ሱቅ። ምንም ሳትናገር ጀበናውን ከእሳቱ አወረደች። ከዚያ «ስንት ደቂቃ?» አለችኝ። «50» አልኳት። ልጇን ጠርታ እቅፏ ውስጥ አስገባቻት። ብዙ ቆየችና «ጋሼ፣ ባይነግሩኝ ኖሮ ከሰው እሰማው ነበር፤ ያኔ ሁለተኛ ልጄን አልሰጥዎትም ነበር» አለችኝ። ቡናዋን ግን አጠጣችኝ። እስከ ሦስተኛው ድረስ ጠጥቼ ነው የወጣሁት።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ አባቶቻችን። እኔ እስከዚያ ቀን አደራ ማለት መጠበቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ አደራ ሒሳቡን ማስረከብንም ይጨምራል፤ የሞላውንም፣ የጎደለውንም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በዲሴምበር 12 ቀን 2023፣ 60ኛው የነጻነት በዓል በኡሁሩ ጋርደንስ ሲከበር እንደገና ሄድን። እ.ኤ.አ. በ1963 እኩለ ሌሊት ላይ የኬንያ ባንዲራ መጀመሪያ የተሰቀለበት ስፍራ ነው። ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ልጅ ለመጠበቅ ከስታዲየም ይከብዳል። 31 ልጆች ነበሩን፤ አንድም አልጠፋም። ያን ቀን የሠራንበትን ሥርዓት ከእኛ በኋላ ልጆች ይዘው ለሚሄዱ እንዲጠቅም እዚህ ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ አንድ ትልቅ ሰው ከስድስት ልጅ በላይ አይያዝ። የማንን ልጅ እንደያዘም ከዋዜማው ይወቅ፤ ልጁም የእሱን ስምና መልክ ይወቅ።

ሁለተኛ፣ በጣት መቁጠር ይቅር። በስም ይጠራ፤ ልጁ «አቤት» ሲል ፊቱ ይታይ። በር ላይ፣ ከሽንት ቤት መልስ፣ መኪና ውስጥ ሳይገባም ሳይጠራ የሚታለፍ ልጅ አይኑር።

ሦስተኛ፣ በየኪሱ የሚገባው ወረቀት የአገሩ ሰው በሚያነበው ፊደል ይጻፍ። አብረው የሄዱ የሁለት ሰዎች የእጅ ስልክ ቁጥር ይኑርበት። ስልኮቹም ድምፃቸው ከፍ ብሎ ይሁኑ፤ ባትሪያቸውም ሙሉ ይሁን።

አራተኛ፣ ሽንት ቤት የሚሄዱ ልጆች ሁልጊዜ ከትልቅ ሰው ጋር ይሂዱ። የ14 ዓመት ልጅ ራሷ ልጅ ናት። ያን ቀን ያቺን ልጅ የማይገባ ሸክም አሸክሜያት ነበር፤ በኋላ ስታለቅስ ያየኋት እሷን ነው። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ በሰው ፊት ነግሬያታለሁ፤ ዛሬም እደግመዋለሁ።

አምስተኛ፣ ልጆቹ «ከጠፋችሁ የቆማችሁበት ቁሙ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ጥሩ፣ እኛ እንመጣለን» የሚለውን ከዋዜማው ይለማመዱት። ያቺን ልጅ ያዳናት ይኼ ነው።

ስድስተኛ፣ ሰዓት ሲጻፍ ንጋት ይሁን ረፋድ፣ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ይገለጽ።

ሰባተኛ፣ ምልክት የምታደርጉት ነገር ሌላው ሕዝብ የማይለብሰው ይሁን። በ2023 አንድም ኮፍያ አልገዛሁም። አብረውን የሄዱት እናቶች ሁሉ ነጠላ ለበሱ፤ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የለመኗቸው። ከእናቶቹ አንዷ ያቺ የሌሊት ሠራተኛ ነበረች። በዚያ ዓመት ልጇን ብቻ ልካ አልቀረችም፤ ከስድስቱ ጠባቂዎች አንዷ ሆና እሷም መጣች።

ንግግሬን ከመጨረሴ በፊት ለእኛ ለትልልቆቹ አንድ ነገር ልበል። ኢዮቤልዩ ሲከበር ቁጥር ይበዛል፤ ይህን ያህል ዓመት፣ ይህን ያህል አባል፣ ይህን ያህል መዋጮ። እኔም ነጋዴ ስለሆንኩ ቁጥር እወዳለሁ። ግን አንድ አባላችን ሁለት ወር ሙሉ ታሞ አልጋ ላይ መተኛቱን ሳናውቅ ቀርተናል። ለምን? የወር መዋጮው በኤም ፔሳ በጊዜው ይገባ ስለነበረ «አለ» ብለን ቆጠርነው። የሚልክለት የእኅቱ ልጅ ነበር። እሱ ተኝቷል፣ መዋጮው ግን ይመጣል። ይኼም ያው ኮፍያ መቁጠር ነው። የመዝገቡ ዓምድ ሞልቷል፤ ሰውየው ግን ቦታው ላይ የለም።

ስለዚህ ለኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። እያንዳንዳችን እንደዚያ ቀን አምስት ስድስት ቤተሰብ በስም እንያዝ። በወር አንድ ጊዜ ደውለን ወይም በር አንኳኩተን «አቤት» የሚለውን ድምፅ እንስማ። ገንዘብ አይጠይቅም። የእኔን ስድስት ቤተሰቦች ስም ጽፌ ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ፤ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ እናንተም በየበኩላችሁ ብትሰጡት ደስ ይለኛል።

የዚያችን ልጅ ስም ከጀመርኩ ጀምሮ አለመጥራቴን አስተውላችሁ ይሆናል። ዛሬ አድጋለች፤ እዚሁ መካከላችሁ ተቀምጣለች፤ በሰው ፊት ብጠራት ትቆጣኛለች። ሰልፍ በሄድን ቁጥር ግን መጀመሪያ የምጠራው የእሷን ስም ነው። «አቤት ጋሼ፣ አለሁ» ትለኛለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የቀሩትን የምጠራው።

ኒያዮ በስዋሂሊ የእግር ፋና ማለት እንደሆነ ልጆቹ ናቸው የነገሩኝ። ልጆቻችን የእኛን ፋና ተከትለው እዚህ ደርሰዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ እኛም የእነሱን መከተል አለብን። ፈጣሪ ልጆቻችንን ያሳድግልን፤ ያስጠለለንን አገር ይባርክልን፤ አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ለወርቅ ኢዮቤልዩውም በስም የምንጠራራ ሆነን ያድርሰን።